አዲሱ አካውንት አልገባ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አካውንቱ ዛሬ ጠዋት ተከፈተልዎት። ዩዘርኔሙና ፓስወርዱ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተሰጠዎት። ወረቀቱን እያዩ ጻፉት። ኮምፒውተሩ «ስሙ ወይም ፓስወርዱ ልክ አይደለም» አለ። ደገሙት፤ ያው ነው። በሦስተኛው የራስዎን ጣት መጠራጠር ይጀምራሉ።

ጣትዎን ለጊዜው ይተውት። አዲስ አካውንት ከአሮጌው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አሮጌው ትናንት ሠርቷል፤ ስለዚህ የሚጠየቀው «ከትናንት ወዲህ ምን ተነካ?» ነው። አዲሱ ግን አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም። ችግሩ አብሮት የተወለደ ሊሆን ይችላል። ሲከፈት አንድ ምልክት ሳይደረግበት ቀርቶ ይሆናል፣ አንድ ፎልደር ሳይፈጠርለት ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም መከፈቱ ገና እርስዎ ያሉበት ድረስ አልተሰማም። ስለዚህ የሚገባውን ሰው ብቻ ሳይሆን አካውንቱን የከፈተውንም ሰው እጅ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ምኑን ልይ?

የት ላይ እንደመለሰዎት ይዩ። መግባት አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሦስት ፍተሻ ነው። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ነኝ ያሉት ሰው መሆንዎን ያጣራል። ለዚህ ነው ስምና ፓስወርድ የሚጠይቀው። ቀጥሎ እርስዎ መሆንዎን ካመነ በኋላ፣ በዚህ ማሽን ላይ በዚህ ሰዓት መግባት የተፈቀደልዎት መሆኑን ያያል። በመጨረሻ ደግሞ ቦታዎን ያዘጋጃል፤ ዴስክቶፕዎን፣ ፎልደሮችዎን፣ ሴቲንግዎን።

የመጀመሪያው ላይ ከወደቁ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ «ስም ወይም ፓስወርድ ተሳስቷል» ይላል። ሁለተኛው ላይ ከሆነ ቃሉ ይለወጣል፦ «አካውንትዎ ተዘግቷል»፣ «በዚህ መንገድ መግባት አይፈቀድም»፣ «በዚህ ሰዓት መግባት አይችሉም»። ሦስተኛው ላይ ሲሆን ፓስወርዱን ይቀበልዎታል፤ ትንሽ ያሽከረክርና ወደ መግቢያው ስክሪን ይመልስዎታል፣ ወይም ጥቁር ስክሪን ላይ ያስቀርዎታል።

ይህን መለየት ግማሹን ሥራ ያቀላል። ፓስወርዱን ተቀብሎ ያስወጣዎትን ኮምፒውተር ፓስወርድ በመቀየር ለማስተካከል መሞከር ድካም ብቻ ነው። ይህን ሲያደርጉ ግማሽ ቀን የሚያባክኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ፓስወርዱን ልክ ነው የምጽፈው። ለምን እምቢ ይለኛል?

ምናልባት እርስዎ የጻፉት ልክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጋ የደረሰው ግን ሌላ ነው። ዋናው ተጠርጣሪ የኪቦርዱ ቋንቋ ነው። መግቢያው ስክሪን ላይ ያለው ኪቦርድ ከገቡ በኋላ ከሚጠቀሙበት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። በዊንዶውስ ከታች በቀኝ በኩል የቋንቋው ምልክት ይታያል፤ አንዴ ይመልከቱት። አማርኛ ላይ ከቆመ ነገሩ ቶሎ ይገባዎታል። አስቸጋሪው እንግሊዝኛ ሆኖ የሌላ አገር እንግሊዝኛ ሲሆን ነው። በአሜሪካው አቀማመጥ ሺፍትን ይዘው 2 ቁጥርን ሲጫኑ የሚመጣው @ ነው፤ በእንግሊዙ ደግሞ " ነው። ፊደሎቹ ሁሉ ትክክል ይሆኑና አንዷ ምልክት ብቻ ታበላሻለች። ጊዜያዊ ፓስወርድ ውስጥ ደግሞ @ የማይገባበት ጊዜ ጥቂት ነው። በጀርመኑ ኪቦርድ ዋይና ዜድ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በፈረንሳዩ ኤና ኪው።

ከዚያ ካፕስሎክ አለ። እሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ይረሳዋል። ነምሎክ ደግሞ ብዙም አይታሰብም። ከጠፋ በቀኝ ያሉት ቁጥሮች ምንም አይጽፉም። በአንዳንድ ትናንሽ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ከበራ የተወሰኑት ፊደሎች ቁጥር ይሆናሉ።

ሌላው የንባብ ስህተት ነው። በእጅ የተጻፈ ዜሮና ኦ፣ አንድ ቁጥርና ትንሿ ኤል፣ ትልቁ አይ። ፓስወርዱ በሜሴጅ ከመጣና ኮፒ ካደረጉት ደግሞ ከኋላው አንድ ባዶ ቦታ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ያ ባዶ ቦታ አይታይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን አንድ ሙሉ ፊደል ነው።

እንዴት ይረጋገጣል? ዊንዶውስ ላይ ፓስወርዱ ሳጥን ጫፍ የዓይን ምልክት አለች፤ ተጭነው ሲይዟት የጻፉትን ታሳያለች። እሷ ከሌለች ፓስወርዱን ስም የሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ጽፈው ማየት ይቻላል። ግን ሰው ከኋላዎ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ኢንተር ሳይጫኑም ያጥፉት። ኢንተር ከተጫኑ የጻፉት ነገር እንደ ተጠቃሚ ስም ተቆጥሮ የደኅንነት መዝገብ ውስጥ በግልጽ ሊቀመጥ ይችላል።

ስሙን እንዴት ነው የምጽፈው? ሙሉ ስሜን ነው?

ስክሪኑ ላይ የሚታየው ስምና መግቢያው ስም ሁለት ናቸው። ሙሉ ስምዎ ለዓይን ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቅዎት በአጭሩ ነው። የቱ እንደሆነ የከፈተልዎትን ሰው ይጠይቁ። ረጅም ስም ካለዎት ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዊንዶውስ ዶሜይን (የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችና አካውንቶች ከአንድ ቦታ የሚተዳደሩበት አሠራር) የአጭሩ መግቢያ ስም ርዝመት ከ20 ፊደል አይበልጥም። የተቀረው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ደግሞ ሙሉውን እየጻፉ ነው።

ዊንዶውስ በስሙ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ በፓስወርዱ ላይ ግን ይለያል። ሊኑክስ በሁለቱም ላይ ይለያል።

መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተሩ ዶሜይን ውስጥ ከሆነ ስም ሲጽፉለት የሚፈልገው ዶሜይኑ ውስጥ ነው። የእርስዎ አካውንት ግን እዚያው ማሽን ላይ ብቻ የተከፈተ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከስምዎ በፊት ነጥብና ባክስላሽ ይጨምሩ፤ እንዲህ፦ .\ ከዚያ ስሙን ያስከትሉ። «እዚሁ ያለውን አካውንት ነው የምልህ» ማለት ነው። ከሳጥኑ ሥር የት ሊያስገባዎት እንደሆነ የሚነግር ጽሑፍም አለ፤ እሱን የሚያነብ ሰው ግን ብዙም አላየሁም።

የተሳሳተው ስሙ ይሁን ፓስወርዱ ለምን ቁርጡን አይነግረኝም?

ሆን ብሎ ነው። «ስሙ ትክክል ነው፣ ፓስወርዱ ነው የተሳሳተው» ቢል፣ ሌባ ስም እየሞከረ የትኛው እንዳለ ይለይ ነበር። ስለዚህ ለእርስዎም ለሌባውም አንድ መልስ ይሰጣል።

እውነተኛው ምክንያት ግን ይመዘገባል። ዊንዶውስ ላይ አድሚኑ (ኮምፒውተሮቹን የሚያስተዳድረው ሰው) ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የመዝገብ ማያ ከፍቶ፣ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር ቁጥር 4625 የሆነውን ይፈልግ። ያልተሳካ መግባት የሚመዘገበው በዚህ ቁጥር ነው። ውስጡ «ሰብ ስታተስ» የሚል ረጅም ኮድ አለ፤ የሚያስፈልገን ጫፉ ነው። በ64 ካለቀ እንዲህ ያለ ስም የለም ማለት ነው። በ6ኤ ካለቀ ስሙ አለ፣ ፓስወርዱ ተሳስቷል። 72 ማለት አካውንቱ ዲሴብል ተደርጓል፣ ማለትም አድሚኑ እስኪከፍተው ዝግ ነው። 234 ሎክ ሆኗል፤ ስህተት ስለበዛ ተቆልፏል። 193 የአካውንቱ ጊዜ አልፏል። 224 በመጀመሪያ ፓስወርዱ መቀየር አለበት። 6ኤፍ ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ ነው፤ 70 ደግሞ ከዚህ ማሽን መግባት አልተፈቀደለትም።

ለአዲስ አካውንት ከእነዚህ ውስጥ 72 ልዩ ቦታ አላት። አድሚኑ የዶሜይን አካውንት በፓወርሼል (በጽሑፍ ትዕዛዝ መስጫው) ሲከፍት ፓስወርድ አብሮ ካልሰጠው፣ አካውንቱ ሲወለድ ጀምሮ የተዘጋ ነው። አድሚኑ በኋላ ፓስወርድ ይሰጠዋል፤ መክፈቱን ግን ይረሳል። ተጠቃሚው ደግሞ ሲሞክር ይውላል።

ደጋግሜ ስሞክር ሎክ ሆነ። ምን ላድርግ?

እጅዎን ያንሱ። ከ2022 ወዲህ የወጡት የዊንዶውስ 11 እትሞች እንደ አዲስ ሲጫኑ፣ 10 ጊዜ የተሳሳተን አካውንት ለ10 ደቂቃ ይዘጋሉ። መሥሪያ ቤቶች ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል። ፌይልሎክ የተባለውን ስህተት ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሊኑክሶች ደግሞ ካልተነኩ በስተቀር በ3 ስህተት ለ600 ሰከንድ ይዘጋሉ። ልብ የሚባለው ይህ ነው፦ ሎክ ከሆነ በኋላ ትክክለኛውን ፓስወርድ ቢጽፉም አይቀበልም። ሰው ያኔ «ይሄም አይደለም ማለት ነው» ብሎ ትክክለኛውን ይተውና ሌላ መሞከር ይጀምራል።

ፓስወርድ ቀይር ይለኛል። ስቀይር ደግሞ እምቢ ይላል።

ብዙ አድሚኖች አዲስ አካውንት ሲከፍቱ «መጀመሪያ ሲገባ ይቀይር» የሚለውን ምልክት ያደርጋሉ። ጥሩ ልማድ ነው። ግን አዲሱ ፓስወርድ መስፈርቱን ማሟላት አለበት። ካልተነካ የዊንዶውስ ዶሜይን ደንብ ቢያንስ 7 ፊደል ይፈልጋል። ከትልቅ ፊደል፣ ከትንሽ ፊደል፣ ከቁጥርና ከምልክት ሦስቱ መኖር አለባቸው። ስምዎንም ውስጡ እንዲያስገቡ አይፈቅድም። ያለፉትን 24 ፓስወርዶች ያስታውሳል፤ ዛሬ የቀየሩትን ደግሞ ዛሬውኑ እንደገና እንዲቀይሩ አይፈቅድም፤ አንድ ቀን መቆየት አለበት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ጠዋት ቀይሮ ከሰዓት አልወደደውም፤ ሊቀይረው ሲል «መስፈርቱን አያሟላም» ይለዋል። ፓስወርዱ ምንም አልጎደለውም፤ ሰዓቱ ነው ያልደረሰው።

ቤትዎ ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ በሚከፍተው ፕሮግራም) የሚገቡ ከሆነ ግን ይህቺው ምልክት በር ትዘጋለች። ሪሞት ዴስክቶፕ ስክሪኑን ከማሳየቱ በፊት ማንነትዎን ያጣራል፤ ፓስወርድ መቀየሪያው ደግሞ ስክሪኑ ላይ ነው። ለመግባት መቀየር፣ ለመቀየር መግባት። መፍትሔው መጀመሪያ ፊት ለፊት ኮምፒውተሩ ላይ ገብቶ መቀየር ነው፤ ካልሆነ አድሚኑ ምልክቷን ያንሳት።

ባልደረባዬ በዚሁ ላፕቶፕ ይገባል። እኔ ለምን አልገባም?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ መልሱ አእምሮ ያሳርፋል። ዶሜይን ውስጥ ያለ ላፕቶፕ አካውንቶቹን ከያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ሰው እንዳይቸገር ተብሎ፣ ቀደም ሲል የገቡ ሰዎችን መረጃ እያስቀረ ይይዛል። ካልተነካ የ10 ሰዎችን ይይዛል። ባልደረባዎ ባለፈው ሳምንት ገብቷል፤ ላፕቶፑ ያውቀዋል። ስለዚህ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ያስገባዋል። እርስዎን ግን አንድም ቀን አላየም። ሰርቨሩን መጠየቅ አለበት። ሰርቨሩ ካልተገኘ «የመግቢያ ሰርቨር የለም» የሚል መልስ ይመጣል።

ስለዚህ «ኔትወርኩ ይሠራል፤ እሱ እኮ ገብቷል» የሚለው ክርክር ውኃ አያነሳም። እሱ የገባው ያለ ኔትወርክ ሊሆን ይችላል።

ለመጀመሪያው ቀን ላፕቶፑን በኬብል የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ላይ ይሰኩት። የመሥሪያ ቤት ዋይፋይ አንዳንዴ የሚያያዘው ሰው ከገባ በኋላ ነው፤ ያኔ ሰው እስኪገባ ዋይፋይ የለም፣ ዋይፋይ እስኪኖር አዲስ ሰው አይገባም። ቪፒኤንም (ከሩቅ ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው) እንዲሁ ነው፤ መግቢያው ስክሪን ላይ እንዲነሳ ካልተደረገ በስተቀር። አንዴ በኬብል ከገቡ በኋላ እርስዎም ከሚታወቁት ሰዎች ይደመራሉ፤ ቤት ወስደው መክፈት ይችላሉ። አዲስ ሠራተኛ ላፕቶፑ በፖስታ ተልኮለት ቤቱ ሆኖ አልገባ ሲለው፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

የማይክሮሶፍት አካውንት ለሚጠቀሙ የግል ኮምፒውተሮችም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ አዲሱ ሰው መጀመሪያ ሲገባ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ፒንን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። ፒን የዚያ የአንዱ ማሽን ነው። ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ያወጡት ፒን እዚህ አይሠራም። እዚህ መጀመሪያ በፓስወርዱ ይገባሉ፤ ከዚያ ሌላ ፒን ያወጣሉ።

አይቲው «ከፍቼልሃለሁ፣ እኔ ጋ ይታያል» ይላል። እኔ ያለሁበት ቅርንጫፍ ግን ስሜን አያውቀውም።

ሁለታችሁም እውነት ልትሉ ትችላላችሁ። ትልቅ መሥሪያ ቤት አንድ ሰርቨር ብቻ አይኖረውም። አካውንቱ ዋናው ቢሮ ባለው ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ ወደሌሎቹ ይገለበጣል። አንድ ቦታ ባሉት መካከል ይህ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው። በቅርንጫፎች መካከል ግን ማይክሮሶፍት ሲሠራው ያስቀመጠው ጊዜ 180 ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት! አድሚኑ እስከ 15 ደቂቃ ሊያወርደው ይችላል፤ ግን ሁሉም አላወረደውም። አድሚኑ ወዲያው እንዲገለበጥ በእጁ ማዘዝም ይችላል። ወይም ምሳ በልተው ይመለሱ።

የኮምፒውተሩ ሰዓት ከመግባት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ዶሜይን ውስጥ ማንነትን የሚያጣራው ከርቤሮስ የሚባል አሠራር ነው፤ የሚሰጠው ማለፊያ ጊዜ የተጻፈበት ነው። ካልተቀየረ የኮምፒውተሩና የሰርቨሩ ሰዓት ልዩነት ከ5 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። መጋዘን ውስጥ የከረመ ኮምፒውተር ወጥቶ ለአዲስ ሠራተኛ ሲሰጥ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ አልቃ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ሊሆን ይችላል። መግቢያው ስክሪን ላይ ሰዓቱና ቀኑ ይታያሉ፤ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ማየት ነው። አሮጌ ዕቃ አዲስ ሰው ላይ የመጣል ልማድ ባለበት ቤት ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል።

«የመተማመን ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል መልስ መጣ።

ይህ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱም ዶሜይኑ ውስጥ አካውንትና ፓስወርድ አለው፤ በየ30 ቀኑ ይቀይረዋል። ከቆየ ባክአፕ የተመለሰ ከሆነ አሮጌውን ፓስወርድ ይዞ ይቀርባል። አድሚኑ እንደገና ያገናኘው።

ፓስወርዱን ተቀብሎኝ ወደ መግቢያው ይመልሰኛል።

ሦስተኛው ፍተሻ ላይ ነዎት። ማንነትዎ ተረጋግጧል፣ ፈቃድም አለዎት፤ ቦታዎ ነው ያልተሰናዳው።

ዊንዶውስ አዲስ ሰው ሲገባ «ዲፎልት» ከሚባል የተደበቀ ፎልደር ገልብጦ የሰውየውን ፕሮፋይል፣ ማለትም ዴስክቶፑን፣ ፎልደሮቹንና ሴቲንጉን ይሠራል። ያ ፎልደር ከተበላሸ አንድ ግልጽ ምልክት አለ፦ አሮጌዎቹ ሰዎች ሁሉ ይገባሉ፣ አዲስ የተከፈተ ሁሉ አይገባም። «የተጠቃሚ ፕሮፋይል አገልግሎቱ ማስገባት አልቻለም» የሚል መልስ ይመጣል። አምስት አካውንት ከፍተው አምስቱም እንዲህ ካሉ ስድስተኛውን አይክፈቱ። ያንኑ የዊንዶውስ እትም ከሚጠቀም ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ዲፎልት ፎልደሩን አምጥተው ይተኩት።

አንዳንዴ ያስገባዎትና «በጊዜያዊ ፕሮፋይል ገብተዋል» ይላል። ሁሉ ነገር የሚሠራ ይመስላል። ግን እዚያ ላይ ያስቀመጡት ፋይል ሲወጡ አብሮ ይጠፋል። ምንም ሳይሠሩ ይውጡ።

ዲስኩ ሞልቶም ይሆናል። አዲስ ፕሮፋይል ቦታ ይፈልጋል፤ አሮጌዎቹ ቦታቸውን ከያዙ ቆይተዋል።

ደግሞ ትዕግሥት። አዲስ ሰው ሲገባ ዊንዶውስ «እያዘጋጀሁ ነው» እያለ ደቂቃዎች ይፈጃል። ቆሟል ብለው ፓወሩን ተጭነው ያጠፉ እንደሆነ ግማሽ የተሠራ ፕሮፋይል ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በእውነት አይገባም።

ሊኑክስ ላይ ራሴ ነኝ የከፈትኩት። ምን አጠፋሁ?

ዩዘርአድ የሚባለውን ትዕዛዝ ተጠቅመው ከሆነ ሦስት ነገሮችን ይዩ።

አንደኛ፣ ይህ ትዕዛዝ ፓስወርድ አይጠይቅም። ለብቻው በሌላ ትዕዛዝ እስኪሰጡት ድረስ አካውንቱ የተቆለፈ ነው። ፓስወርዱን በዚያው ትዕዛዝ አብሮ መስጠት የሚያስችል አማራጭ አለ፤ ሰው ሁሉ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። አማራጩ የሚጠብቀው ፓስወርዱን ሳይሆን የተመሰጠረውን ቅርጹን ነው። እርስዎ ተራውን ፓስወርድ ሲሰጡት ዝም ብሎ ይቀበላል፣ እንዳለ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ያንኑ ፓስወርድ ሺህ ጊዜ ቢጽፉ አይገጥምም።

ሁለተኛ፣ በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ በግልጽ ካልታዘዘ የሆም ፎልደር (የሰውየው የግል ፎልደር) አይሠራም። በጽሑፍ መግቢያው ይገባሉ፤ «ፎልደሩ የለም» ብሎ ያስጠነቅቅዎታል። በግራፊክሱ ግን ብልጭ ብሎ ይመልስዎታል። ፎልደሩን በኋላ በእጅዎ ከሠሩት ደግሞ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይዩ። የሠራው ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት) ከሆነ ባለቤቱ ሩት ነው፤ አዲሱ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኗል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሼሉ፤ ሰው ሲገባ ትዕዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራም ነው። አካውንቱ «መግባት ክልክል» የሚል ሼል ተሰጥቶት ከሆነ ፓስወርዱ ቢገጥምም ወዲያው ያስወጣል።

ለመለየት ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ የጽሑፍ መግቢያ ይመጣል። እዚያ ከገቡ ፓስወርዱ ደህና ነው፤ ችግሩ ፎልደሩ ወይም ግራፊክሱ ጋ ነው። እዚያ ፓስወርድ ሲጽፉ ምንም ነገር አይታይም፤ ኮከብ እንኳን የለም። ኪቦርዱ አልተበላሸም። ጽፈው ኢንተር ይበሉ።

ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አድዩዘር የሚባለው ትዕዛዝ አለ። ፓስወርዱን ይጠይቃል፣ ሆሙንም ይሠራል። በዚያ ከፍተው ቢሆን ኖሮ ይህን አንቀጽ አያነቡም ነበር።

ማክ ላይ አዲሱ ሰው ስሙ ራሱ አይታይም።

ሪስታርት ካደረጉ በኋላ ብቻ ከሆነ ፋይልቮልትን፣ የማክን ዲስክ ማመስጠሪያ፣ ይጠርጥሩ። ዲስኩ የተመሰጠረ ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው ስክሪን ዲስኩን እንዲከፍቱ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ብቻ ያሳያል። አዲሱ ሰው ያ ፈቃድ አልተሰጠውም ይሆናል። ለጊዜው ፈቃድ ያለው ሰው ይግባ፤ ከዚያ ሪስታርት ሳያደርግ ሎግአውት ይበል። አሁን አዲሱ ሰው ይገባል። ለዘለቄታው አድሚኑ በፋይልቮልት ሴቲንግ ውስጥ ይጨምረው።

ፊት ለፊት እገባለሁ። ከሩቅ ግን አልችልም።

ዊንዶውስ ላይ ተራ ተጠቃሚ ከሩቅ ለመግባት የሪሞት ዴስክቶፕ ተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ መኖር አለበት፤ አዲስ አካውንት በራሱ አይገባበትም። ፓስወርድ የሌለው አካውንት ደግሞ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ብቻ ነው የሚገባው፤ በኔትወርክ አይፈቀድለትም። ሊኑክስ ላይ በኤስኤስኤች (ከሩቅ በጽሑፍ መግቢያው) በፓስወርድ ፈንታ በቁልፍ ፋይል የሚገቡ ከሆነ የቁልፉን ፎልደር ፈቃድ ይዩ። ፎልደሩ 700፣ ቁልፎቹ የተጻፉበት ፋይል 600 ይሁን፤ ለባለቤቱ ብቻ ማለት ነው። ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ከሆነ ኤስኤስኤች ምንም ሳይነግርዎት ቁልፉን ችላ ይለዋል።

ለምን አልሰርዘውምና እንደ አዲስ አልከፍተውም?

ዛሬ የተከፈተ፣ ማንም ያልገባበት ከሆነ ይሰርዙት፤ ምንም አይቀርበትም። ግን አንዴም ገብቶበት ከሆነ ይቆጠቡ። ዊንዶውስ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ከጀርባ በተሰጠው ረጅም መለያ ቁጥር ነው። ሰርዘው በዚያው ስም ሲከፍቱ ቁጥሩ ሌላ ነው። ፎልደሮቹ፣ ፈቃዶቹ፣ የገባባቸው ቡድኖች ሁሉ የፊተኛውን ቁጥር ነው የሚያውቁት። ስሙ ያው፣ ሰውየው ሌላ።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ሥራ ላይ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት አዲስ ባልደረባዬ በሁለተኛው ቀን አልገባ አላት። ፈጣን ለመሆን ብዬ አካውንቱን ከነፋይሉ ሰርዤ እንደገና ከፈትኩት። ገባች፤ ደስ አለኝ። ከዚያ «ትናንት የሠራሁት ሪፖርትስ?» አለችኝ። የሰረዝኩት ፎልደር ውስጥ ነበር። ለካ በመጀመሪያም የነበረው ችግር የኪቦርዱ ቋንቋ ነበር።

እርዳታ ስጠይቅ ምን ምን ልንገራቸው?

«አልገባ አለኝ» ብቻ አይበሉ። የመጣውን መልስ ቃል በቃል፣ ቢቻል በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩ። የኮምፒውተሩን ስም፣ የሞከሩበትን ሰዓት እስከ ደቂቃው ይንገሩ፤ በሰዓቱ ነው መዝገቡ ውስጥ የሚፈልጉት። በኬብል ነው በዋይፋይ? በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገባሉ? በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ሰው ይገባል? በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከገቡ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፤ የትም ካልገቡ የአካውንቱ ነው።

ፓስወርዱን ግን አይንገሩ። አይቲው ቢጠይቅዎትም አያስፈልገውም፤ አሮጌውን ሳያውቅ አዲስ መስጠት ይችላል።